ሂናው አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በጓሮ አጥሩ በኩል ሴቶች ሩፈይዳን ሲሰድቧት ሰማሁ። ሩፈይዳ በሰፈራችን በቾ ቦሬ ውስጥ ሙሽራ በተገኘበት ቤት ሁሉ ተጠርታ ሂና የምትቀባ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚሁ ሙያ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። «መርዝ ነው የቀባሻት!» ይላል አንዱ ድምፅ። «እንዲጠቁርልሽ የፀጉር ቀለም ቀላቅለሽበታል፣ ወላሂ ቀላቅለሽበታል!» ይላል ሌላው። እሷ ደግሞ «እኔ የቀባሁት እጇንና እግሯን ነው። ፊቷን መቼ ነካሁ፣ ማሎ፣ ኧረ በአላህ?» ትላለች። «በደም ሥሯ ወጥቶ ነዋ!» አሏት። ከዚያ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ወደ ቀበሌ ሊወስዷት ነው። ሙሽራዋ የጎረቤቴ የባህሪያ ልጅ ፈድሊያ ናት። ሠርጓ እሁድ፣ ማለትም በማግስቱ ነበር። ሌሊቱን አፍንጫዋና ዙሪያው በልዞ አድሮ ባህሪያ ገና ሳይነጋ ሆስፒታል ይዛት ሄዳለች። ይህን ሁሉ አጥሩ ጥግ ቆሜ፣ ያልጨረስኩትን ሻይ እንደያዝኩ ሰማሁ፤ ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላስታውስም።

የሄድኩት ወደ ማቀዝቀዣው ነው። ከቅቤው ጣሳ ጀርባ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ሳጥን ነበር። የባለቤቴ እህት ቆንጂት ከወር በፊት «ሱቄ መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ፤ የእናንተ መስመር ከጤና ጣቢያው ጋር ስለሆነ እዚህ ይቀመጥልኝ። የፊት ቅባት ነው» ብላ ያመጣችው ነው። ቆንጂት ፈረንጅ አራዳ የውበት ሳሎን አላት። አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ ሁለት መርፌ ነበር፤ እንደ እንቁላል ውሃ ያለ ወፍራም ነገር ተሞልቶባቸዋል። ቅባት መርፌ ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም መልሼ ጠቀለልኩት። ቆንጂት ሰው ሲጠይቃት አትወድም፤ እኔም ከባሌ ዘመድ ጋር መቀያየም አልወድም። ያን ቅዳሜ ስከፍተው አንዱ ቦታ ባዶ ነበር።

ቆንጂት ሳሎን የምትሠራው ልጄ ናርዲ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናንባ ተኝታለች። ቅዳሜ ሳሎኑ ሰው የሚበዛበት ቀን ስለሆነ በዚያ ሰዓት መውጣት ነበረባት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

«ናርዲ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ፊለር።»

«በአማርኛ ንገሪኛ።»

«የሚሞላ ነዋ እማ። ቆዳ ሥር ይገባና ይሞላል። ከንፈር ያወፍራል፣ አፍንጫ ቀጥ ያደርጋል።»

«ለፈድሊያ አድርጋችሁላታል?»

ብርድ ልብሱን ይበልጥ ወደ ላይ ሳበችው።

«አክስትሽ ናት የወጋቻት?» አልኳት። እንደዚህ ብዬ የጠየቅኩት አዎ እንድትለኝ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። የሙሽራው ቤተሰቦች ከአጋሮ ለሽምግልና የመጡ ቀን እህቱ «ልጅቱስ ቆንጆ ናት፣ አፍንጫዋ ብቻ ደፍጠጥ አለ እንጂ» ስትል ፈድሊያ ከመጋረጃ ጀርባ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ጠልታ ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእናቷ ፀጉሬን ልሠራ ብላ ሳሎን ሄደች። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሺህ ብር የሚጠየቅበትን ቆንጂት ለወንድሟ ጎረቤት ብላ በአራት ሺህ አምስት መቶ ልትሠራላት ተስማማች። ሁልጊዜ የምትወጋው ቆንጂት ናት፤ ናርዲ ከጎን ሆና ታቀብላለች። ያን ቀን ግን ሚዜዎቹ በአንድ ጊዜ መጥተው ቆንጂት እጇ በቀለም ተይዞ ነበር፤ «አንቺ ጨርሺላት፣ ያንቺ እጅ ይረጋል» አለቻት። ናርዲ ትምህርቱን ከየት አገኘችው ብትሉ፣ አንዲት ሴትዮ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ የሰጠችው የሦስት ቀን ሥልጠና አለ፤ የቀረው በስልክ ቤት ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ ቪዲዮ ነው። የስልክ ኢንተርኔት የተዘጋበት ወቅት ስለነበር ግራ የገባትን እንኳ ፈልጋ ማየት አትችልም።

«ስወጋት አመማት» አለች ናርዲ። «ከዚያ የአፍንጫዋ ጫፍና ጉንጯ ነጣ። ፈዘዝ ብሎ ነጣ። እቴቴ ቆንጂት ዞር ብላ አየችና ‹ውበት ያማል፣ አይዞሽ› አለቻት። ሚዜዎቹ ‹አቦ፣ ስትቀላ!› እያሉ እልል አሉ። እኔም እየሠራ መሰለኝ እማ።»

ይህን ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ምክንያቱም ሐሙስ ማታ ሂናው ላይ ነበርኩ። ፈድሊያ ፊቷን ሸፍነውት ተቀምጣ ነበር። እኔ ሻሹን ገለጥ አድርጌ አየኋትና «ውይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ነው የቀላሽው!» አልኳት። እልልታውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቀችልኝ። እያመማት እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሂና የተቀባች ሙሽራ ፊቷን ተሸፍና ስለምትቀመጥ አርብ ሙሉ ቀን ማንም አላያትም፤ የነጣው ወደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ሲለወጥ ከሻሹ ሥር ነበር።

ናርዲን ወደ ቆንጂት የላክኋት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። አምና ረብሻ ሲነሳ፣ ወታደር በሩ ላይ ሲቆም፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። አንድ ጥይት የእኔን ልጅ ፈልጎ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ዘንድሮ ትምህርቷን አቋርጣ እንድትወጣ አደረግኩ። አባቷ አብተው «ልጅቷን አታሰናክያት» ቢለኝም አልቅሼ አሸነፍኩት። ፀጉር ቤት ውስጥ ጥይት የለም ብዬ ነው። ስለ እሷ ያልፈራሁት ነገር የለም፤ መኪና፣ ወንድ፣ በሽታ፣ እስር። እሷ በሰው ልጅ ላይ የምታደርሰውን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

አብተው ቡና ገዢዎች ጋር የሚሠራ ሰው ነው፤ ህዳር ላይ፣ ቡና ሲለቀም፣ ከጌራ አይመለስም። ስደውል «ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም» ይላል። ደግሜ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ባለመገኘቱ ደስ ብሎኛል። እሱን እየጠበቅኩ ነው ብዬ መቀመጥ ቻልኩ። ሳሎኑን ጠረግሁ፤ የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁ። ሳጥኑን ከፌስታሉ አውጥቼ ሆዴ ላይ አድርጌ በመቀነቴ አሰርኩት። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ማንም እንዳይወስደው ይሁን፣ እኔው እንዳልወስደው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆንጂት መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ አልተቀመጠችም፤ ከእኔ አጠገብ ነው የተቀመጠችው፤ እጄንም ያዘች። በሃያ ሁለት ዓመት ዝምድናችን ውስጥ እጄን ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«የት አለ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሸዋ፣ አትቀልጂብኝ። ሳጥኑ ካለ ናርዲ ናት። ሳጥኑ ከሌለ ሂና ነው።»

«ሩፈይዳን ቀበሌ ወስደዋታል እኮ።»

«ሩፈይዳ ምን ትሆናለች? ሁለት ቀን ይሰድቧታል፣ ከዚያ ሌላ ሠርግ ይመጣል፣ ይጠሯታል።»

«ልጅቷስ?»

«ያበጠ ነገር ይጎድላል። አዲስ አበባ በቀን አሥር ሰው ይወጋል፣ ማን ሞተ? ፊቷን ያጠቆረው ፍርሃት ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን ሸዋ። ሰው ለጽሑፍ፣ ለዘፈን ይወሰድ የለም? ያለ ፈቃድ ሰው ወጋች ብለው አንዴ ከያዟት የት እንደወሰዷት እንኳ አትሰሚም። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ የለሽ።»

የምፈራውን ሁሉ ታውቃለች፤ አንድ በአንድ አወጣችልኝ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማኋት። ሻይ አፈላሁላት። ስለ ሳሎኑ ኪራይ፣ ስለ አዲሱ የፀጉር ማድረቂያ፣ ስለ ሚዜዎቹ ፀጉር አወራን፤ ከመጋረጃው ወዲያ ናርዲ ተኝታ፣ ሳጥኑ ሆዴ ላይ እየወጋኝ። በመጨረሻ «ናርዲ ትናንት ጥላዋለች» አልኳት። አየችኝ። ተነስታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። ከፈተች፣ የቅቤውን ጣሳ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ዘጋችው። በሩ ላይ ቆማ እንደገና አየችኝ። «ለወንድሜ ስትደውይ ሰላም በይልኝ» ብላ ወጣች።

ከወጣች በኋላ ናርዲ በበሩ ብቅ ብላ «ታቃጥይዋለሽ?» አለችኝ። ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ዘንቢል ይዤ ወጣሁ።

የቀበሌው በረንዳ ላይ ሩፈይዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በሂና ቡናማ የሆኑ እጆቿን የሰረቀች ይመስል ከሻሿ ሥር ደብቃቸዋለች። «ሸዋዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው፣ ስንት ዓመት ታውቂኛለሽ!» ብላ ጠራችኝ። «እመለሳለሁ» አልኳትና አለፍኩ።

የሄድኩት አጂፕ ጋ ወዳለው ወደ ሀምዳን ፋርማሲ ነው። ሀምዳንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የልጆቼን ሳል ሁሉ ያከመ ሰው ነው። አራት ሰው ከፊቴ ነበር፤ እኔ ግን የኋላዬን ሁሉ አሳለፍኩ። ሰው ሲያልቅ ሳጥኑን አወጣሁለት። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው፤ ውስጡ የታጠፈውን ስስ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። በስምንት ቋንቋ ተጽፏል፣ የእኛ የለበትም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛውን ቤት ውስጥ ልሞክረው ብዬ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው የቆምኩት።

«እትዬ ሸዋ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም አይደል?»

«የአንዲት የማውቃት ሴት ነው። ጥሩ ነገር ነው?»

«ጥሩ ሰው እጅ ላይ ጥሩ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ለገበያ እስኪበቃ ስንት ዓመት ይፈጃል መሰለዎት። መጀመሪያ በቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎ በእንስሳ፣ ከዚያ በፈቃደኛ ሰው ይሞከራል። ስንቱ አበጠ፣ ስንቱ ቆሰለ፣ ስንት ወር ቆየ ተብሎ ይጻፋል። አገር ውስጥ ሲገባም እንደገና መታየት አለበት፤ አስመጪው፣ ቁጥሩ፣ በስንት ሙቀት እንደተጓዘ። መድኃኒት እንኳ አይባልም፣ የሕክምና መሣሪያ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ለዚህ ነው ንግድ ቢሮው የጤና ጉዳይ ነው የሚለው፣ የጤናው ደግሞ ፀጉር ቤት እኔን አይመለከተኝም የሚለው። በመሃል እንደዚህ ያለው ያልፋል።» ሳጥኑን አዙሮ አሳየኝ። «የአስመጪ ስም የለበትም፣ የምዝገባ ቁጥር የለበትም። ይሄ ያለፈው ፍተሻ የሻንጣ ዚፕ ብቻ ነው።»

«ሰው ቢወጋበትና ቆዳው ነጣ ቢልስ?»

ቀና አለ። «መቼ?»

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት።»

«የት ላይ?»

አፍንጫዬን ነካሁ። ሀምዳን መነጽሩን አወለቀ። መንጣት ማለት ደሙ ቆመ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረኝ። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ወይም ደም ሥሩን ተጭኖ፣ ወዲያ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ነው። ሲነጣ የቀላ የሚመስለው፣ እየሞተ ነው። «ግን እዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈው የሚሟሟው ዓይነት ነው» አለ። «የሚያሟሟው መድኃኒት አለ። የዓይን ሐኪሞች ከማደንዘዣ ጋር ይቀላቅሉታል፤ እዚሁ ሆስፒታል አይጠፋም። ችግሩ ምን እንደተወጋች ካላወቁ ማን ይሰጣታል? በሂና የተመረዘች ሙሽራ መጥታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እሷው ናት?»

ዓይኔን ወደ ዘንቢሌ መለስኩ። ሁለተኛም አልጠየቀኝም። ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰልኝና «ባጃጅ ይያዙ። በታክሲ ሰልፍ እንዳይቆሙ። አሁኑኑ» አለኝ።

ሳጥኑን መልሼ በመቀነቴ አስሬ በአርባ ብር ኮንትራት ያዝኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛዋ ዘንቢሌን ፈተሸች፣ ወገቤን አልነካችም። ገባሁ ልላችሁ ነበር፤ ግን ከበሩ ተመለስኩ። ከግንቡ ሥር፣ ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆምኩ። ምን እንደምል አዘጋጀሁ። ሳጥኑን የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ልሩጥ? ቆሻሻ ላይ አገኘሁት ልበል? የወጋቻት ቆንጂት ናት ብልስ፣ ሳሎኑ የእሷ አይደለም እንዴ? ሁሉንም ሞከርኩት፤ በሁሉም መጨረሻ ላይ ናርዲን እጇን የፊጥኝ ታስራ አየኋት። ብርቱካን የምትሸጠው «እናቴ፣ ታሞብሽ ነው?» ብላ የተገለበጠ የብርቱካን ሳጥን ሰጠችኝ፤ ተቀመጥኩበት። እዚያ ስንት እንደቆየሁ የገባኝ ስልኬ ሲጠራ ነው። ናርዲ ነበረች፣ እያለቀሰች።

«እማ፣ ፈድሊያ ደወለችልኝ። በእናቷ ስልክ፣ ሽንት ቤት ገብታ።»

«ምን አለች?»

«‹እስካሁን ሂና ነው እያልኩ ነው፣ ስምሽን አልተናገርኩም፣ አይዞሽ› አለችኝ። እሷ ናት እኔን አይዞሽ ያለችኝ፣ እማ። ቆዳው መላጥ ጀምሯል አለችኝ። መጣሁ እኔ።»

«አትምጪ» ብዬ ጮህኩ። ተነሳሁ። መቀነቴን እዚያው፣ ሰው እያየኝ፣ ፈታሁት።

ኮሪደሩ ላይ ባህሪያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ለሠርጉ ዋዜማ ያሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ በጨለማ እጇ የገባውን ለብሳ ወጥታ ይሆናል። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ሸዋዬ፣ መጣሽልኝ!» አለች። «ኢንተላ ኮን፣ ልጄን አበላሹብኝ፣ እይልኝ!» አጠገቧ እንድቀመጥ ቀሚሷን ሰበሰበችልኝ። እኔ ግን አልፌያት ወደ ክፍሉ ገባሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከናርዲ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ብትበልጥ ነው። ፈድሊያ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፤ ሂናው ገና እጇ ላይ ያብረቀርቃል። ሳጥኑን ለዶክተሯ ዘረጋሁላትና «ሂናው አይደለም» አልኳት። «በዚህ ነው የተወጋችው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት።» ፈድሊያ ሳትዞር «እትዬ ሸዋ፣ አይ፣ አይ» አለች። ዶክተሯ ወረቀቱን በቁሟ አነበበች። ነርሷን ጠርታ የመድኃኒቱን ስም ጻፈችላትና «የዓይን ክፍል ሂጂ፣ ያላቸውን ሁሉ፣ በሩጫ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው የወጋት?»

ግንቡ ሥር ሆኜ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ልጄ» አልኩ። «ናርዲ አብተው። ዕቃው የአክስቷ የቆንጂት ነው፣ ሳሎኑም የእሷ። የወጋችው ግን ልጄ ናት።»

ካርዱ ላይ ጻፈችው። የልጄን ስም ስትጽፍ ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁ። «ይሄንን ማሳወቅ ግዴታዬ ነው» አለች፤ በክፋት አይደለም።

«አፍንጫዋ ይተርፋል?»

«ዙሪያው ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ጫፉን ቃል አልገባም። ትናንት ቢሆን ጥሩ ነበር። ዛሬ በጠዋት እንኳ ቢሆን ከአሁን ይሻል ነበር።»

ዞር ስል ባህሪያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የትኛውን እንደሰማች አላውቅም፤ ሁሉንም መሰለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አጥር ተካፍለናል። ናርዲ ስትወለድ በበርኖሷ ጠቅልላ ከጤና ጣቢያ ያመጣቻት እሷ ናት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው፣ ሸዋዬ?» አለችኝ።

አሁን ነው፣ እንዳወቅኩ ነው የሮጥኩት ማለት እችል ነበር። ሊያጋልጠኝ የሚችል ሰው አልነበረም።

«ጠዋት» አልኳት። «አንቺ ይዘሻት እንደወጣሽ። ሴቶቹ ሩፈይዳን ሲሰድቧት።»

ነርሷ ትናንሽ ብልቃጦች ይዛ እየሮጠች በመካከላችን አለፈች። ባህሪያ መንገድ ለቀቀችላት። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ እያደረገች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰዓቱን እየቆጠረች ነበር።

«እኔ ገና ሳይነጋ ሱብሂ ሰግጄ ነው የወጣሁት» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። «የቀትሩ ዙህር አልፏል እኮ፣ ሸዋዬ።»